ዝም አይነቅዝም እንዴት እንደ ነቀዘ

ቀማሚው ሰው አይወድም የሚሉ ነበሩ፤ ሐሰት ነው። ሰው ይወድ ነበር። የማይወደው ወሬ መካከል ገብቶ የራሱን መጨመር ነው። በቀለም ፋብሪካው የቅመማ ክፍል ውስጥ የኖረው በዓይኑና በእጁ ነው። ደንበኛ ከግድግዳ የተላጠ ቁራጭ ይዞ መጥቶ «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ሲለው፣ ቁራጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ያየዋል፣ አንድ ጊዜ «እህም» ይላል፣ ከዚያ ዱቄቱን ከዘይቱ እያገናኘ ያማስላል። «መቼ ይደርሳል?» ከተባለ ጣቱን ያነሳል። አንድ ጣት ነገ ነው፤ ሁለት ጣት ከነገ ወዲያ። አለቃ ቢቆጣው ዝም፣ ቢያመሰግነው ዝም። የሥራ ጓደኞቹ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ተመቸው መሰል አልተቃወመም። ቢቃወምስ ምን ብሎ?

ሚስቱም ያገባችው ለዚሁ ጠባዩ ነው። እሷ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ሰው ይጮኻል፤ የታመመ፣ ሰው የጠፋበት፣ የተናደደ፣ ቁጥር ተሳስቶ ደውሎ «ተሳስተዋል» ሲባል የሚሳደብ። ማታ ቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ ከባሏ ጎን ስትቀመጥ «ደከመሽ?» ይላታል። «በጣም» ትለዋለች። አለቀ። ጎረቤቶቿ «እንዲህ ካለ ድፍን ሰው ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ?» ሲሏት «እስቲ ለአንድ ቀን የእኔን ስልክ አንሱልኝ» ትላቸው ነበር።

ነገር የተበላሸው ዋና ሥራ አስኪያጁ ጡረታ የወጡ ዕለት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቀማሚው ሲያሰቃየው የከረመውን የመንጋጋ ጥርስ አስነቀለ። ሐኪሙ በመርፌ አደንዝዞ፣ ጥርሱን ነቅሎ፣ ጥጥ አስነክሶ «ዛሬ ብዙ አታውራ» አለው። ቀማሚው ሊስቅ ፈልጎ ግማሽ ፊቱ እምቢ አለው። ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ሠራተኛው ሁሉ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ወንበር ተደርድሮለት የስንብቱን ዝግጅት ይከታተላል። ዳር ይዞ ሊቀመጥ ሲል የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ክንዱን ያዘችው።

«ሊቀመንበሩ አሞኛል ብሎ ቀረ። ከሰውዬው ጋር እንደተኮራረፉ ታውቅ የለ? በሠራተኛው ስም አንድ ሰው መናገር አለበት። አንተ ነባር ነህ። እንካ፣ ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው።»

ቀማሚው አፉን በጣቱ አሳያት። «አፍህ ምን ሆነ? ደህና ነው» ብላ ወረቀቱን አስጨብጣው ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀቱ ያዘው።

ከእሱ በፊት የሚናገሩት ብዙ ነበሩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ንግግራቸውን የጀመሩት ሰው ገና ዋሻ ውስጥ ሳለ ግድግዳ መቀባት ከጀመረበት ዘመን ነው፤ ተሰናባቹ ዘንድ እስኪደርሱ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። የሽያጭ ኃላፊው ራሱ የገጠመውን ግጥም አነበበ፤ እያንዳንዱ ስንኝ «ቀለም» በሚል ቃል ያልቃል። የጥበቃ ኃላፊው «እኔ አጭር ነው የምናገረው» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። የግምጃ ቤቱ ቆርቆሮ ከላይ ይግላል። ምሳው ከኋላ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ሽታው ይመጣል፣ እሱ አይመጣም።

«የሠራተኛው ተወካይ!» ተባለ።

ቀማሚው ወጥቶ ቆመ። ወረቀቱን ገለጠው፤ አራት ገጽ ነው። አፉን ሲከፍት ምላሱ የለችም። አለች፣ ግን የማን እንደሆነች አላወቀም። ጥጡን ወደ ጉንጩ ጥግ ገፋ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ላይ ታች እያለ ምላሱን ፈለጋት። እሱ ይህን ሲያደርግ ሰዉ የሚያየው ቆሞ ዝም ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚያንሾካሹኩት ዝም አሉ። ቀጥሎ የተኙት ነቁ፤ ድምፅ ሲጠፋ የሚነቃ ሰው አለና። በዚያች ቅጽበት ጥርሱ የነበረበት ቦታ ጠዘጠዘውና ከግራ ዓይኑ አንዲት ዘለላ እንባ ወረደች።

«አለቀሰ» አለች አንዷ።

አራት ገጽ እንደማይሆንለት ገባው። ወረቀቱን አጠፈና ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዞሮ «ሠርተዋል» አለ። ትንሽ ቆየና «ደክመዋል» አለ። ምላሱ እንደገና ጠፋችበት፤ አገኛት። «ይረፉ» ብሎ ወርዶ ተቀመጠ።

ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ተጨበጨበ። ግማሹ ያጨበጨበው ስላለቀ ነው፤ ግማሹ ምሳው ስለተቃረበ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ከልባቸው አለቀሱ። ወደው አልነበረም የሚሄዱት፣ ተገፍተው ነው፤ በዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል «ደክመዋል» ያላቸው ይህ ሰው ብቻ ነበር። መጥተው አንገቱን አቅፈው «አንድ ሰው ገባው!» አሉ። ያበጠውን ጉንጩን ሲጫኑት ቀማሚው አቃሰተ። ሰዉም «አየኸው? አሁንም ሆዱ ባብቷል» ተባባለ።

በማግሥቱ በፋብሪካው ሌላ ወሬ አልነበረም። ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተተካው ያ «ቀለም፣ ቀለም» ሲል የነበረው የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ትናንት «አንተ» ነበር፣ ዛሬ «እርስዎ» ሆነዋል። ቀማሚውን አስጠሩት።

«እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው? እንዲህ ያለ ንግግር ከየት ተማርከው?»

«ጥርሴን ነቅዬ ነው» አለ ቀማሚው፣ እውነቱን።

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱ። «ያስታውቃል! ጥርስህን የነቀልክበት ሙያ እንደሆነ ያስታውቃል!»

ቀማሚው ነገሩን ሊያብራራ አሰበ፤ ግን ማብራራት ለምዶ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ከቅመማ ክፍሉ ተነስቶ ምንጣፍ ያለው ቢሮ ተሰጠው፣ በሩ ላይም «የንግግር አማካሪ» ተብሎ ተለጠፈ። ሥራው ሥራ አስኪያጁ የሚያነቡትን ንግግር ቁጭ ብሎ መስማትና በመጨረሻ «ያሳጥሩት» ማለት ነበር። አያሳጥሩትም፤ ግን «ጥልቅ ሰው ነው» ይላሉ።

ይህን ሁሉ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሰማ። ይህ ሰው የቤት ደላላ ነው፤ ያልተሠራ ቤት ከነበረንዳው የሚሸጥ። ሰምቶ አላደረም፣ በረረ።

«ጋሼ» አለው፣ «አንተ እኮ መንገድ ዳር ያለ ባዶ መሬት ነህ! እኔ እያለሁ እንዴት ሳትሸጥ ትቀራለህ?»

በየግንቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። «የታላቅ ተናጋሪነት ቁልፍ! በሦስት ቃል ሺህ ሰው ካስለቀሰው አፍ!» ቀማሚው በዚያን ቀን ሺህ ሰው እንዳልነበረ፣ ያለቀሱትም አንድ ሰው እንደሆኑ ቢነግረው «እኔ ቤትም ስለካ በረንዳውን ጨምሬ ነው» አለው።

የመጀመሪያው ሥልጠና ከአልጋና ቁም ሣጥን መሸጫ በላይ ባለ አዳራሽ ውስጥ ተከፈተ። የመድን ሽያጭ ሠራተኞች መጡ። ለምርጫ ሊወዳደር ያሰበ አንድ ነጋዴ መጣ። በሠርጉ ላይ መናገር የፈራ ሙሽራም ነበረበት። ቀማሚው ፊታቸው ቆመና «መጀመሪያ ዝም በሉ። ቀጥሎ የሚባለውን በሉ። ከዚያ ተቀመጡ» አለ። ራሱም ተቀመጠ።

ሰዉ ጠበቀ። ጠበቀ። በመጨረሻ ነጋዴው «የሻይ ሰዓት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ደላላው እጁን ይዞ ወደ ደረጃው አወጣው። «ጋሼ፣ ምን አደረግከኝ! ሰው ቁልፍ ተብሎ ነው የመጣው። አንተ በሩን ከፍተህ ወጣህ። ትንሽ ቁልፉን ወዲህ ወዲያ አዟዙርላቸው እንጂ!»

«አጭር ተናገሩ ነው የምላቸው። እንዴት ላርዝመው?»

«ስለ አጭርነት በሰፊው ተናገራ!»

ተመልሶ ገባ። ጨንቆት «ዝምታ የንግግር ግድግዳ ናት፤ ቀለም ያለ ግድግዳ አይቆምም» አለ። ከፊት የተቀመጠች የጠበቃ ቢሮ ሠራተኛ ብዕሯን አንስታ ጻፈችው። ቀማሚው በዕድሜው ሙሉ የተናገረውን ሰው ሲጽፍለት አይቶ አያውቅም። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀው። ሌላ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገ፤ ያንንም ጻፈችው። ሦስተኛ ጨመረ፤ አሁን ሙሽራውም መጻፍ ጀመረ። ያን ቀን እስኪመሽ አልተቀመጠም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? ሥልጠናው ከግማሽ ቀን ወደ ሙሉ ቀን፣ ከሙሉ ቀን ወደ ሳምንት አደገ። ዝምታን ለብቻዋ አንድ ቀን ሰጣት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ዝምታ ያለማቋረጥ ተናገረ። ዝምታ ብዙ ዓይነት እንዳላት ደረሰበት፤ ቅንድብ ያነሳ ዝምታ አለ፣ ውኃ የተጎነጨ ዝምታ አለ፣ መነጽር ያወለቀ ዝምታ አለ። ዓይኑ ደህና ነው፤ ግን የሚያወልቀው እንዲኖረው ብሎ መነጽር ገዛ። ሠልጣኞቹ በየመሥሪያ ቤታቸው እየሄዱ ሰው ሲያናግራቸው መነጽራቸውን እያወለቁ ዝም ይሉ ጀመር፤ አንዳንዶቹም ተሾሙ።

ቤቱ ግን ሌላ ቤት ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ እጁን ዘርግቶ «ጨው» አለ። ሚስቱ ልታቀብለው ስትል ሌላኛውን እጁን አንስቶ አስቆማት። ዓይኑን ጨፈነ። «ጨው... ምንድን ነው ጨው?»

«ጨው ጨው ነው። እንካ።»

ልጃቸው ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ጉብኝት ልትሄድ ፈቃድ ጠየቀችው። መንገድ ከሰው ልጅ ጋር ስላለው ጥንተ ዝምድና ጀመረላት። ጥቂት ታገሰችና «አባዬ፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም?» አለችው። ያንን ገና አልደረሰበትም ነበር። ልጅቱ ወደ እናቷ ሄደች።

ሚስቱ አንድ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ስማኝ» አለችው፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ። አንተ ነበርክ ዕረፍቴ። ቤቴ ስገባ አሁን አንተም መሥመር ላይ ነህ። እባክህ አንዳንዴ እንኳ ዝጋው።»

«ያልሽው ነገር» አለ ቀማሚው መነጽሩን አውልቆ፣ «ሦስት ገጽታ አለው።»

እሷም ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

በዚህ ጊዜ የቅመማ ክፍሉ የአየር ማውጫ ማራገቢያ ቆመ። ክፍሉ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ የቀለም ዱቄት ይበናል፣ የማቅጠኛው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፤ ማራገቢያው ነበር ይህን ሁሉ እየሳበ የሚያወጣው። ሠራተኞቹ ለጥገና ክፍል አመለከቱ። ጥገና ክፍል «በጀት የለም» አለ። ለአስተዳደር አመለከቱ። አስተዳደር «ለጥገና ክፍል አመልክቱ» አለ። እነሱም ያስሉ ጀመር፤ ማለዳ ይጀምራሉ፣ ማታ እያሳሉ ይወጣሉ።

መፍጫ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ ምላሷ እንደ ማሽኗ ስለማያርፍ «እትዬ ወፍጮ» ትባላለች። ከቀማሚው ጋር በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ስትሠራ ኖራለች፤ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ስታወራ የኖረችው እሷ ናት። ደረጃውን እያሳለች ወጥታ ምንጣፍ ያለው ቢሮ ገባች።

«ወንድሜ፣ የፋብሪካው ቦርድ ነገ ሰው ልኩና እንስማችሁ ብሏል። አንተ ሂድልን። እኔ ብሄድ እጣላለሁ፤ አንተን ይሰሙሃል። ነገሩ አንድ ነው፤ ማራገቢያው ቆሟል፣ ቀይሩልን። በቃ።»

ቀማሚው ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ነገር እንዲህ ራቁቱን አይሄድም። ልብስ ይለብሳል።»

«ይልበስ። ግን አታደራርብበት፤ ክፍሉ ይሞቃል።»

በማግሥቱ ቦርዱ ፊት ቀረበ። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀማሚው ቆመ። ዝም አለ። ውኃ ተጎነጨ። መነጽሩን አወለቀ።

«አየር» አለ፣ «ምንድን ነው?»

እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ክፍል ተሰምቶ አያውቅም። ከእናት ማሕፀን የወጣ ሕፃን ስለሚስባት የመጀመሪያ ትንፋሽ ተናገረ። አረጋዊ ስለሚተነፍሳት የመጨረሻዋ ተናገረ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ብድር ነው አለ። አንዷ የቦርድ አባል እናቷን በቅርቡ የቀበረች ነበረችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የቦርዱ ሰብሳቢ መሐረብ አወጡ። ሰዓቱ አለቀ፤ ማንም «ሰዓት» አላለውም። ሲጨርስ ተነስተው አጨበጨቡለት፣ አንድ በአንድም ጨበጡት። እየተንሳፈፈ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ወፍጮና የቅመማ ክፍል ሠራተኞች ቆመው ይጠብቁታል።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«አለቀሱ» አለ ቀማሚው፣ ፊቱ እያበራ።

«ጎሽ! ማራገቢያውንስ መቼ እንቀይራለን አሉ?»

ቀማሚው አፉን ከፈተ። ንግግሩን በልቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳሰሰው፤ ሕፃኑ አለ፣ አረጋዊው አለ፣ ብድሩ አለ። ማራገቢያ የለም። ሊደርስበት ነበር፤ በሕፃኑና በአረጋዊው መካከል የሆነ ቦታ ላይ ሊያስገባው አስቦ ነበር።

«አልነገርካቸውም?» አለች እትዬ ወፍጮ። መጀመሪያ ሳቀች። የምር መሆኑን ስታይ ሳቋ ሳል ሆነባት። እስኪያልፍላት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ኑ እንሂድ። ዝም አይነቅዝም ነቀዘ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። እትዬ ወፍጮ ሰው ማናገር ስትተው፣ ፋብሪካ ቆመ ማለት ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ እሱ ሲመጣ ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ ይላል። ቀማሚው ስለ ዝምታ ባስተማረው ሁሉ ውስጥ ይህ ዓይነቱ አልነበረም።

የቦርዱ ውሳኔ ቶሎ ወጣ። ንግግሩ ልባቸውን ስለነካው ግምጃ ቤቱ ታድሶ የንግግር አዳራሽ እንዲሆን፣ ስሙም «የእስትንፋስ አዳራሽ» እንዲባል፣ ወጪውም ከዓመቱ የጥገና በጀት እንዲሸፈን ተወሰነ። በጀት ለካ ነበረ።

ቀማሚውን አላስችል አለው። ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄደ፤ አስገቡት፣ ግን ገና «እኔ እንኳን የመጣሁት» ሲል «አትድከም፣ ገብቶኛል!» ብለው አቅፈው ሸኙት። ስልክ ደወለ፤ «ያቺን የብድሯን ነገር እስቲ ድገምልኝ» አሉት። እሱም ደገመላቸው፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ራሱን በመዳፉ መታ። ማታ ቤቱ ገብቶ የሆነውን ለሚስቱ ነገራት፤ ንግግር ሳይሆን እየተንተባተበ ነው የነገራት፣ አፍሮም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አሁን እኔን ሰብሳቢው አድርገኝ» አለችው። «ሆስፒታል እኮ ሰው ይደውልልኛል፣ የሕይወት ታሪኩን ይጀምርልኛል። እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። የት ላገናኝዎት? በል፣ የት ላገናኝህ?»

«እእ... የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ...»

«እዚያ መሥመር የለንም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ግን ያቺ አንዲት የማራገቢያ ዓረፍተ ነገር የዚያን ዕለት አልወጣችለትም፤ ባነሳት ቁጥር ጌጥ ይከተላታል።

የአዳራሹ ምርቃት ደረሰ። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከጣሪያው ላይ ወርቅማ ማራገቢያዎች ያለ ድምፅ ይሽከረከራሉ። ወንበሩ ባዶ እንዳይታይ ሠራተኛው ሁሉ ግዴታ ይገኝ ተባለ። የቅመማ ክፍል ሠራተኞች ቱታቸው በቀለም የተዥጎረጎረ ስለሆነ ለፎቶ ያምራል ተብለው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተደረደሩ። የቦርዱ ሰብሳቢ ከአባላቱ ጋር ከጎን ባለው ባለ መከዳ ወንበር ተቀመጡ። ደላላውም ሠልጣኞቹን ይዞ ከኋላ ገብቷል።

ቀማሚው ወጣ። ማይክሮፎኑን አስተካከለ። ያችን ዝነኛ ዝምታውን ጀመረ።

«እህ! እህ!» አለ ከፊት ረድፍ አንዱ።

መነጽሩን አወለቀ። ሌላው ሳለ። ውኃ ተጎነጨ። ሦስት ሰው ተከታትሎ ሳለ። ልክ ጸጥ አለ ሲባል እትዬ ወፍጮ ከሆዷ የሚወጣ፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ አዳራሹን የሚዞር ሳል ሳለች። ማንም አልተመካከረም፤ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ያስላቸው ስለነበር ሳሉ። ሲናገር ድምፁ ይሸፍነው ነበር፤ ዝም ሲል ግን ዝምታውን ሳሉ ሞላው። ቀማሚው «ውድ...» አለና ሳሉ ተከተለው። «ክቡራን...» አለ፤ ሳል።

የቦርዱ ሰብሳቢ ተበሳጩ። «ምንድን ነው ይሄ? ምን ሆነው ነው ሰዎቹ?»

ቀማሚው ወደ ፊት ረድፍ አየ። እትዬ ወፍጮ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ደረቷን ይዛለች። ጌጡ ሁሉ ከራሱ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

«ማራገቢያው ተበላሽቷል» አለ።

ሰብሳቢው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይሄ? ገና ዛሬ የተመረቀው?»

ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው ተነሱ። ቴክኒሻን ተጠራ። መሰላል መጣ። ሁለት ሰዎች ወጥተው በሚገባ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ አቁመው ይፈቱት ጀመር። ቀማሚው «እሱን አይደለም» ሊል አሰበ፤ ከዚያ በኋላ «የትኛውን?» እንደሚሉት፣ ያኔ ደግሞ ማብራራት እንደሚጀምር ታየውና ፈራ። ማይክሮፎኑን ትቶ ወረደ። ሄዶ የሰብሳቢውን ክንድ ያዘ።

«ይምጡ» አላቸው።

ሰብሳቢው የምርቃቱ አካል መስሏቸው በክብር ተነሱ። የቦርዱ አባላት ተከተሉ። ፎቶ አንሺው እየሮጠ ቀደማቸው። ደላላውና ሠልጣኞቹም ከኋላ ተሰለፉ። ግቢውን አቋርጠው፣ በርሜሎቹን አልፈው የቅመማ ክፍሉን በር ከፈተላቸው። ሰብሳቢው ገቡና «ይህ ደግሞ ምን...» ብለው በረጅሙ አየር ሳቡ። ሳሉ። በርሜል ተደግፈው ሳሉ፣ መሐረባቸውን አውጥተው ሳሉ፣ ተደግፈው ወጥተው ግቢው መካከል ቆመውም ሳሉ።

ትንፋሽ ሲመለስላቸው ቱግ አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር እያለ ለምንድን ነው እስካሁን ያልነገራችሁኝ?»

«ነገርንዎት» አለች እትዬ ወፍጮ። «አጨበጨቡ።»

አዲሱ ማራገቢያ በዚያው ሳምንት ተገጠመ። የእስትንፋስ አዳራሹ ማራገቢያ ግን መልሶ የሚገጥመው ጠፍቶ እንደተፈታ ቀረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ግን በፋብሪካው መጽሔት ላይ «አማካሪያችን ያለ ንግግር የመናገር ጥበብን ፈለሰፈ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ግጥም አስከተሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ በየሄዱበት «በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ ክንዴን ይዞ ነው የተናገረው!» ይላሉ። ደላላው ቀማሚው ቤት ሲደርስ ሊቀመጥ እንኳ አልቻለም።

«ጋሼ! ድሮ የነበረው ሥልጠና ሞተ። አዲሱ "በእግር መናገር" ነው። አንተ ከፊት ትሄዳለህ፣ እነሱ ይከተሉሃል፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። አዳራሽ ኪራይ የለ፣ ማይክሮፎን የለ!»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወዴትም! ዋናው አካሄዱ ነው።»

«እኔ አልመጣም» አለ ቀማሚው።

«አየኸው! አሁን የተናገርከውን አየኸው? ሁለት ቃል!» አለና ደላላው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው።

ቀማሚው ሥራ አስኪያጁን «ወደ ቅመማ ክፍሌ ይመልሱኝ» አላቸው። «ከዚህ ቢሮ ወደዚያ?» ብለው ቢደነቁም መለሱት፤ ምናልባት «ያሳጥሩት» የሚላቸው ሰው ሰልችቷቸው ይሆናል። መነጽሩን ለአንድ ጡረተኛ ጎረቤቱ ሰጠው። እታች ሲወርድ ማንም እንኳን ደህና መጣህ አላለውም። ማማሰያውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሱ በርሜል ሲያጥብ ሰነበተ። እትዬ ወፍጮ በአጠገቡ እያለፈች ከማሽኗ ጋር ታወራለች፣ ከበርሜሉ ጋር ታወራለች፣ ከእሱ ጋር አታወራም። እሱም ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲመርጥ ሰነበተ፤ የመረጠው ሁሉ ያምራል፣ ስላማረ ይጥለዋል።

አንድ ቀን መፍጫው ላይ ከባድ ከረጢት ስታነሳ አይቶ ሄዶ በሌላው ጫፍ ያዘላት። አብረው ገለበጡት። ዱቄቱ በነነና አዲሱ ማራገቢያ ስቦ ወሰደው።

«አጥፍቻለሁ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። እስኪቀጥል ጠበቀች። አልቀጠለም።

«አጥፍተሃል እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ ምን ያህል እንዳቃጠልከኝ ታውቃለህ? ሕፃን አልከኝ፣ አረጋዊ አልከኝ፣ እኔ እዚህ ሳንባዬ...» ብላ ጀመረች፤ እስከ ምሳ ድረስ አላቆመችም፤ ከምሳ በኋላም የቀራትን ቀጠለች። ቀማሚው እያንዳንዷን ሰማ። በመጨረሻ «ሂድና ማማሰያህን ከዚያ ሰውዬ ተቀበለው፤ ሰማያዊውን ሁሉ አረንጓዴ አድርጎ ፈጀን» አለችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ቀማሚውና ሚስቱ ዘመድ ጥየቃ ሊሄዱ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆመው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሱፍ የለበሱ ሰዎች በአንድ መስመር፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። ከፊታቸው የሚመራው ደላላው ነው። ባለ ሱቆች ወጥተው ያዩአቸዋል። አንድ ሽማግሌ የቀብር ሰልፍ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መስመሩ ጥግ ላይ ሲደርስ መንገዱ ለቁፋሮ ተዘግቶ ኖሮ የፊተኛው ቆመ፤ የኋለኞቹም አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ እየተጋጩ ቆሙ። ወዴት እንደሚዞሩ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ይሄ የእኔ ወንድም አይደለም እንዴ?» አለች ሚስቱ። «ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ተናጋሪዎች» አላት።

እሷ በሳቅ ስትንፈራፈር አውቶቡሱ መጣ። ክንዷን ይዞ አሳፈራት፤ መስኮት አጠገብ ቦታ አገኙና ተቀመጡ።